ጅራታሙ ኮከብና ቆልማማው ሰኮና፦ የአሶልት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሦስት ዓመት ፈረስ በአራት ሳምንት ጊዜ ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ጠራርጎ ወሰደ። ሜይ 4 ኬንታኪ ደርቢን፣ ሜይ 11 ፕሪክነስን፣ ጁን 1 ቤልሞንትን። ከእሱ በፊት ሦስቱንም በአንድ ዓመት ያሸነፉት ስድስት ፈረሶች ብቻ ነበሩ። እሱ ሰባተኛው ሆነ።

ይሄ ፈረስ ግን በእርምጃ ሲሄድ ያነክስ ነበር። ሶምሶማ ሲጀምርም አካሄዱ አያምርም። የቀኝ የፊት ሰኮናው ቅርጹ የተበላሸ ነው። ከበረት ወደ ሜዳ ሲወሰድ ያየው ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው የመጣው?» ቢል አይፈረድበትም። ጋዜጦቹ «ቆልማማው ጅራታም ኮከብ» የሚል ስም አወጡለት። እውነተኛ ስሙ አሶልት ነው። ጥቃት እንደማለት ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች እንዲህ ያለ የፈረስ ስም ጆሮ ላይ ደስ ይላል።

የእሱን ጉዳይ እዚህ በዝርዝር የምጽፈው በምክንያት ነው። የፈረስ ውርንጭላ ሰኮናው ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ተረከዙ ከመሬት ሲነሳ፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል። ወይ «አፈጣጠሩ ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ሞረድ አንስቶ ሰኮናውን ይከረክማል። ሁለቱም የሚያዩት ሰኮናውን ብቻ ነው። የአሶልት ታሪክ ግን ከሰኮናው በላይ እንድናይ ያደርጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደበት ቦታ

አሶልት ማርች 26 ቀን 1943 በደቡብ ቴክሳስ፣ ኪንግ ራንች በሚባለው የከብት እርባታ ተወለደ። ይህ እርባታ ከ1853 ጀምሮ ያለ ነው። 825,000 ኤከር ይሰፋል፤ በእኛ ልኬት ወደ 334,000 ሄክታር መሆኑ ነው። የሚታወቀው በቀንድ ከብት ነው። ሮበርት ክሌበርግ የሚባለው የቤተሰቡ ሰው ግን የሩጫ ፈረስ ፍቅር ያዘው፣ ጥሩ ዘር ያላቸውን ፈረሶች ሰብስቦ ማርባት ጀመረ።

የአሶልት አባት ቦልድ ቬንቸር ይባላል። በ1936 ኬንታኪ ደርቢንና ፕሪክነስን ያሸነፈ ድንጉላ ነው። እናቱ ኢጉዋል ናት። እሷ አንድም ቀን ለውድድር አልቀረበችም። የእሷ ታሪክ ለብቻው የሚነገር ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሶልት ገና ውርንጭላ ሳለ ሜዳ ላይ ሲሮጥ አንድ ሹል ነገር ረገጠ። ሲነገር የኖረው የመሬት ቀያሾች ለምልክት ተክለውት የረሱት ችካል ነው ተብሎ ነው። ችካሉ ከሥር ወደ ላይ ገባ። የፈረስን እግር አንስታችሁ ሥሩን ብታዩ መሐሉ ላይ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ክፍል አለ። እሱን ነው የወጋው።

ቁስሉ ዳነ። ሰኮናው ግን ከዚያ በኋላ እንደ ሌሎቹ አላደገም። ግድግዳው ቀጭንና ደካማ ሆነ። ውርንጭላው እግሩን መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ ፈራ።

ከጉልበት በታች ጡንቻ የለም

የሆነውን ለመረዳት የፈረስን የፊት እግር አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ከጉልበት በታች አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው ያለው። የሚስበው ጡንቻ ከጉልበት በላይ ነው። ከዚያ ጡንቻ አንድ ጠንካራ ጅማት ይነሳል። በእግሩ ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፣ የቁርጭምጭሚቱን ጀርባ ይዞ ያልፋል፣ ሰኮናው ውስጥ ይገባና የመጨረሻዋ አጥንት ሥር ላይ ይጣበቃል። ጡንቻው ሲኮማተር ጅማቱ ያቺን አጥንት ወደ ኋላ ይስባታል። ፈረሱ እግሩን የሚያጥፈው በዚህ ነው።

ሰኮናው ለዚያች አጥንት እንደ ጫማ ነው። አጥንቷ ወደ ኋላ እንደተሳበች ከቀረች ጫማውም አብሯት ይዞራል። ተረከዙ ከመሬት ይነሳል። የፈረሱ ክብደት በሰኮናው የፊት ጫፍ ላይ ይወድቃል። ጫፉ በየቀኑ ይበላል። ተረከዙ መሬት ስለማይነካ አይበላም፣ እየረዘመ ይሄዳል። ከወራት በኋላ የሚታየው እንደ ሲኒ ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ ተረከዘ ረጅም ሰኮና ነው። ቆልማማ ሰኮና የሚባለው ይሄ ነው።

ጤነኛ የፊት ሰኮና ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ50 እስከ 55 ዲግሪ አካባቢ ነው። 60ን ሲያልፍ መጠርጠር ይገባል። ኬንታኪ ውስጥ በሰኮና ሕክምና ስሙን ያተረፈው ሪክ ሬደን የተባለ የእንስሳት ሐኪም ችግሩን በአራት ደረጃ ከፍሎታል። አንደኛው ደረጃ ላይ የታመመው ሰኮና ከጓደኛው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል። ሁለተኛው ላይ ልዩነቱ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ይደርሳል፣ ተረከዙ በልኩ ሲስተካከል መሬት አይነካም። ሦስተኛው ላይ የሰኮናው ፊት እንደ ሳህን መጎድጎድ ይጀምራል፣ የእድገት ቀለበቶቹም ተረከዙ ጋ ከፊት ይልቅ እጥፍ ይሰፋሉ። አራተኛው ላይ ማዕዘኑ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። አንደኛውን ደረጃ ብዙ ሰው አያየውም። ቀላል የሚሆነው ደግሞ ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቴክሳሱ ውርንጭላ እንመለስ። ጋዜጦች ቆልማማ ያሉት ሰኮና መጀመሪያ የተበላሸው በቁስሉ ነው። የዛሬ ሐኪሞች ቆልማማ የሚለውን ቃል ጅማቱ አጥሮ ለሚመጣው ብቻ ነው የሚጠቀሙበት። ስለዚህ ስሙ ለአሶልት ትንሽ ሰፋ ተደርጎ የተሰጠ ነው። ለእኔ ግን ጉዳዩን ጠቃሚ የሚያደርገው ይሄው ነው። በሁለቱ መሐል ያለውን መንገድ ያሳያል።

መንገዱም ሕመም ነው። ሰኮናው ሥር የቆሰለ ውርንጭላ ተረከዙን አያሳርፍም። በጫፉ ይቆማል። እኛስ እሾህ ከወጋን በኋላ እንዲያ አይደል የምንራመደው? በጫፍ ለመቆም ያ ከላይ ያለው ጡንቻ ቀኑን ሙሉ መኮማተር አለበት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቢሆን ምንም አይደለም። ሳምንታት ሲሆን ግን ጡንቻውና ጅማቱ ያንን አጭር ርዝመት ይለምዱታል። ውርንጭላ ደግሞ በፍጥነት ያድጋል። የሩጫ ዘር ውርንጭላ በስድስት ወሩ የአዋቂ ቁመቱን ከ80 በመቶ በላይ ይደርሳል። አጥንቱ እየረዘመ፣ ጅማቱ ባጠረበት ከቀረ ሰኮናው መዞሩ አይቀርም።

አሠልጣኙ ማክስ ሂርሽ ፈረሱን ሲረከብ ሥልጠናውን ይችለዋል ብሎ አላመነም ነበር። በኋላ የደረሰበት ሐሳብ ግን የሚገርም ነው። ውርንጭላው እግሩ ሲያመው እሱን መጠበቅ ተማረ፣ ሕመሙ ከሄደ በኋላም ልማዱ አልለቀቀውም ብሎ ያምን ነበር። ለዚህ ነው በእርምጃና በሶምሶማ እያነከሰ በግልቢያ ግን እንደማንኛውም ፈረስ የሚሮጠው። ሂርሽ የዛሬውን ሳይንስ አላነበበም። ዓይኑን ነው የተጠቀመው። ዋናውን ነገር ግን አገኘው፦ ሕመም ሄዶም የሚተወው አቋቋም አለ።

ሌሎቹ መንገዶች

ሁሉም ቆልማማ ሰኮና በቁስል አይመጣም። አንዳንድ ውርንጭላ ከእናቱ ሆድ ሲወጣ ጅማቱ አጭር ነው። ማሕፀን ውስጥ የተኛበት ሁኔታ፣ ባዝራዋ በእርግዝናዋ ወራት የበላችው ነገር፣ የያዛት በሽታ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በምዕራብ አሜሪካ ግጦሽ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ መርዛማ ዕፅዋት እንዲህ ያለ ውርንጭላ እንደሚያስወልዱ ይታወቃል። ዘርም ድርሻ አለው። በአንዳንድ የዘር ሐረግ ውስጥ በተደጋጋሚ ይታያል።

በደህና እግር ተወልዶ በኋላ የሚይዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወርና በስምንት ወር መሐል ነው። እዚህ ላይ ዋናው ተጠርጣሪ ጥጋብ ነው። ወተቷ የበዛ እናት፣ በዚያ ላይ እህል፣ በዚያ ላይ ቶሎ አድጎ ገበያ እንዲወጣ የሚቸኩል ባለቤት። አጥንቱ ይሮጣል። የአጥንቶቹ ማደጊያ ጫፎች ያብጣሉ፣ ያማሉ። ከዚያ ወዲያ ያው የአሶልት መንገድ ነው፦ ሕመም፣ በጫፍ መቆም፣ የጡንቻ መኮማተር። መዳብና ዚንክ ሲጎድሉ፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ ሚዛናቸውን ሲያጡ ነገሩ ይብሳል። እኛ አገር ፈረስ በጥጋብ የሚታመመው ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን ፉርሽካ ብቻ እየተሰጠው ያደገ ውርንጭላ ካልሲየሙ ትንሽ፣ ፎስፈረሱ ብዙ የሆነ ምግብ እየበላ እንደሆነ ማወቅ ይበጃል።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ኔዘርላንድ ውስጥ 24 ውርንጭሎች ከተወለዱ ጀምሮ ተጠንተው ውጤቱ በ2006 ታትሞ ነበር። እግራቸው ረጅም፣ ራሳቸው ትንሽ የሆኑት አፋቸው ሣር ላይ አልደርስ ይላቸዋል። ስለዚህ አንዱን የፊት እግር ወደ ፊት ዘርግተው፣ ሌላውን ወደ ኋላ ትተው ይግጣሉ። ግማሽ ያህሉ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ እግር ወደ ፊት የመዘርጋት ልማድ ያዙ። በእነዚህም ሁለቱ የፊት ሰኮናዎች እኩል ሳይሆኑ ቀሩ። ወደ ኋላ የሚቀረው እግር ነው ቀጥ እያለ የሚሄደው። ቁስል የለ፣ በሽታ የለ። ሣር መጋጥ ብቻ። ውርንጭላ ካላችሁ ሲግጥ ቆም ብላችሁ እዩት። ዛሬ የትኛው እግር ከፊት ነው? ነገስ?

ያኔ ያልነበረው፣ ዛሬ ያለው

በ1943 ለአሶልት የተደረገለት ቁስሉን መንከባከብና መጠበቅ ነው። በኋላ ለውድድር ሲደርስ የሰኮናው ግድግዳ ቀጭን ስለነበር ሚስማር የሚያዝበት ቦታ ማግኘት ችግር ሆነ። ለእሱ ብቻ የታሰበ ስስ የብረት ጫማ ተሠራለት። ይህ የባለሙያዎቹን ጥበብ ያሳያል። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ሕክምና አይደለም። ከተበላሸው ጋር መኖር ነው። ሰኮናው ዕድሜውን ሙሉ ቆልማማ እንደሆነ ቀረ።

ዛሬ ያንኑ ውርንጭላ፣ በዚያው ቀን፣ አንድ የፈረስ ሐኪም ቢያገኘው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ሰኮናውን ለማስተካከል አይነካውም። የገባውን ነገር ከማውጣቱ በፊት ራጅ ያነሳል፣ ምን ያህል እንደገባ ለማየት። ቁስሉን ያጥባል፣ መግል እንዳይቋጥር ይከፍተዋል። ለቲታነስ ይከላከልለታል፣ ፈረስ ከእንስሳት ሁሉ ለቲታነስ የሚሳሳ ነው። ከዚያ ወዲያው ሕመሙን ያስታግሳል። እንደ ፊኒልቡታዞን ያለ ማስታገሻ በልኩ ይሰጣል። የውርንጭላ ጨጓራና ኩላሊት በእነዚህ መድኃኒቶች ቶሎ ስለሚጎዳ መጠኑንና ቀኑን ይቆጥራል። ማስታገሻው የሚሰጠው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም። እግሩ ካላመመው ተረከዙን ያሳርፋል፣ ተረከዙን ካሳረፈ ጅማቱ አያጥርም። ሕመም ማስታገስ ራሱ ቆልማማነትን ማከም ነው። ፊኒልቡታዞን ለሰው የቀረበው በ1949 ነው፣ ለፈረስ የደረሰው ከዚያ በኋላ። አሶልት ያኔ የስድስት ዓመት ፈረስ ነበር።

ጅማቱ አጥሮ ለተወለደ ውርንጭላ ደግሞ ሌላ መድኃኒት አለ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። አዎ፣ ገጠር ውስጥ ለከብት የሚወጋው ያው ፀረ ተህዋስ። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ2 እስከ 3 ግራም በጨው ውኃ ተበርዞ፣ በደም ሥር በዝግታ ሲሰጥ ጅማቱ ይለቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሩ ሲዘረጋ ማየት ይቻላል። ይሄኛውም ለአሶልት አይደርስም ነበር፤ መድኃኒቱ ገበያ የወጣው በ1950 ነው። ግን እባካችሁ፣ ያለ ሐኪም አይሞከር። መጠኑ ከተራው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። ውኃ የጎደለው ውርንጭላ ኩላሊቱ ሊሞት ይችላል። በጡንቻ የሚወጋውና ለቀናት የሚቆየው ዓይነት ለዚህ አይሆንም። ዕድሜው ገፍቶ ጅማቱ ላጠረበትም ያን ያህል አይሠራም።

በኋላ የመጣ ቆልማማነት ሲሆን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ መኖው ይቀነሳል። አስፈላጊ ከሆነ ከእናቱ ቀድሞ ይለያል። ጭድና ሣር፣ ከማዕድን ጋር። ሩጫው ይገደባል። የሚያመው ቦታ ይፈለጋል፦ ትከሻው ነው? ጉልበቱ? ሰኮናው ውስጥ መግል አለ? ይሄ ሳይገኝ የሚሠራ ሌላ ሥራ ሁሉ አሸዋ ላይ መሥራት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሞረዱ የሚነሳው። ተረከዙ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ ይደረጋል። የሰኮናው የፊት ጫፍ እንዳይበላ ማራዘሚያ ይደረግለታል፣ በልዩ ሙጫ ወይም በሚለጠፍ ጫማ። ማራዘሚያው ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ጅማቱን በትንሹ ይስበዋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ተረከዙ ረጅም ነው ብሎ በአንድ ቀን ጎርዶ ይጥለዋል። ጅማቱ ያጠረ ከሆነ ግን ተረከዙን ማውረድ ጅማቱን በኃይል መወጠር ነው። አጥንቷን ከሰኮናው ግድግዳ ጋር የያዙት ስስ ንብርብሮች ፊት ለፊት ይቀደዳሉ። ይሄ ከፍተኛ ሕመም ነው። ሕመሙ ደግሞ ጡንቻውን መልሶ ያኮማትረዋል። ሊያድኑት ፈልገው ወደ መጀመሪያው መለሱት ማለት ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ ይሞክራል። ከሰኮናው ጫፍ ሥር ሽብልቅ አድርጎ ፈረሱን ያቆመዋል። ተመችቶት ከቆመ ተረከዙ መውረድ ይችላል። እግሩን ካነሳ ወይም ወደ ኋላ ከሸሸ ገና ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ለጥቂት ጊዜ ተረከዙን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ሕመሙ እስኪበርድ። ለብዙ ሰው ይሄ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል። ግን ትክክል ነው።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ካልመጣ ቀዶ ሕክምና አለ። ያ ረጅም ጅማት ወደ ታች ሲወርድ ከጉልበቱ ጀርባ የሚነሳ አጭር ማሰሪያ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ሥራው ጅማቱ ከልክ በላይ እንዳይለጠጥ መያዝ ነው። ሐኪሙ ይህንን ማሰሪያ ይቆርጠዋል። ዋናው ጅማት አይነካም። ወዲያው ሰኮናው ወደ ቦታው መመለስ የሚችልበት ክፍተት ይገኛል፣ የቀረውን የሰኮና ባለሙያው ይጨርሰዋል። ይህ ሕክምና በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ በሰፊው የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የተሠራላቸው ብዙዎቹ አድገው ይሠራሉ፣ ይወዳደራሉም። የሰኮናው ፊት ከቀጥታ አልፎ ወደ ኋላ ለተገለበጠበት ግን ዋናውን ጅማት መቁረጥ ብቻ ሊቀር ይችላል። ያ ፈረሱን ከሥቃይ ያወጣዋል፣ ለሩጫ ግን አያበቃውም።

ልዩነቱ ጊዜ ነው። በሦስት ወሩ ሞረድና መኖ የሚበቃው ውርንጭላ በስምንት ወሩ ቢላዋ ያስፈልገዋል። በሁለት ዓመቱ አጥንቷ ራሷ ቅርጿን ትለውጣለች፣ ያኔ የሚቀረው ለአሶልት የተሠራው ዓይነት ጫማ ነው።

ባለጋሪዎቻችንን አስቤ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ውርንጭላ እናቱን ተከትሎ ገበያ ይሄዳል። እሷ ጋሪ ትጎትታለች ወይም ትጫናለች፣ እሱ ከጎኗ ኮረኮንቹን ይረግጣል። ድንጋይ፣ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ። በአሶልት የደረሰው በየሳምንቱ ሊደርስበት ይችላል። ራጅም ቀዶ ሕክምናም በየወረዳው የለም። ማታ ግን አራቱንም እግር አንስቶ ማየት፣ ያነከሰውን ከገበያ ማስቀረት፣ ቁስሉን ማጠብ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ በሳምንቱ ሳይሆን በማግስቱ መውሰድ ይቻላል። ለጋማ ከብት ይሄ ትልቅ ሕክምና ነው።

ሜዳው ላይ

ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው እንዲሉ፣ አሶልት በ1945 ለውድድር ቀረበ። የመጀመሪያ ዓመቱ ደስ የሚል አልነበረም። ዘጠኝ ጊዜ ሮጦ ሁለቴ ብቻ አሸነፈ። በ1946 ኬንታኪ ደርቢ ሲገባም ገንዘባቸውን ሌሎች ፈረሶች ላይ ያስያዙት ይበዙ ነበር። በስምንት የፈረስ ርዝመት ቀድሞ ገባ። እስከዚያ ድረስ በደርቢው ታሪክ ከዚያ በሰፋ ልዩነት ያሸነፈ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ ፕሪክነስ ላይ ጋላቢው ዋረን ሜርተንስ ቀድሞ ለቀቀው። መጨረሻ ላይ ደከመ። ሎርድ ቦስዌል የሚባል ፈረስ ደረሰበት፣ አሶልት በአንገት ብቻ አመለጠ። ስለዚህ በ2.4 ኪሎ ሜትሩ ቤልሞንት ሰው ሎርድ ቦስዌልን መረጠ። ርቀቱ ለቆልማማው ይበዛበታል ተባለ። በሩ ሲከፈት አሶልት ተደናቀፈ፣ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ተነሥቶ፣ ደርሶባቸው፣ በሦስት ርዝመት አሸነፈ። በቴክሳስ ተወልዶ ሦስቱንም የወሰደ የመጀመሪያው ፈረስ ሆነ።

እሱን ሳስብ ከድሉ ይልቅ የሚገርመኝ ዕድሜው ነው። ሌሎች ሙሉ እግር ያላቸው በሦስት፣ በአራት ዓመታቸው ከሜዳ ሲወጡ እሱ እስከ ሰባት ዓመቱ ሮጠ። በ1947 ከባድ ክብደት ተሸክሞ አምስት ውድድር በተከታታይ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ተጎዳ። በ1948 ለዘር ተብሎ ወደ ቴክሳስ ተመለሰ፣ መካን ሆኖ ተገኘ። መልሰው ወደ ሩጫ አመጡት፣ በ1949 ብሩክሊን ሃንዲካፕ የሚባለውን ውድድር በድጋሚ አሸነፈ። በጠቅላላው 42 ጊዜ ሮጦ 18 ጊዜ አሸነፈ፣ 675,470 ዶላር አስገባ።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ቆልማማ ሰኮና ችግር የለውም» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። አሶልት የዳነ ፈረስ አይደለም። ባለጸጋ እርባታ፣ ብልህ አሠልጣኝና የሰለጠነ ቀጥቃጭ በየቀኑ የደገፉት ፈረስ ነው። እሱ የተረፈው እነዚህ ሁሉ ስለነበሩ ነው። እንደ እሱ ቆስለው ያንን ያላገኙት ውርንጭሎች ስማቸውን የሚያውቅ የለም።

ከ1950 በኋላ ኪንግ ራንች ሜዳ ላይ በሰላም ኖረ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1971 በ28 ዓመቱ እግሩ ተሰብሮ፣ እንዳይሠቃይ ሐኪሞች አሳረፉት። እዚያው ተቀበረ።

አሁን ወደ እናቱ ልመለስ። ኢጉዋል በውርንጭላነቷ በሽተኛ ነበረች። ከስታ፣ ተጎሳቁላ፣ አላድግ ብላ ልትገደል ነበር ይባላል። የእርባታው የእንስሳት ሐኪም ኖርዝዌይ ግን ተስፋ አልቆረጠባትም። ደጋግሞ መረመራት። በመጨረሻ የኋላ እግሯ ላይ፣ ከጉልበቷ መጋጠሚያ ሥር ውስጥ ውስጡን የተደበቀ መግል አገኘ። ከፈተና አፈሰሰው። ውርንጭላዋ መብላት ጀመረች፣ ወፈረች፣ አደገች። ማርች 26 ቀን 1943 አሶልትን ወለደች።